6,741 ድምፅ፦ ስለ ዳግላስ ዋይልደር ጠይቄ የመጣልኝ መልስ

ባለፈው እሑድ ማታ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ። እስከ ረቡዕ 34 መልስ መጣልኝ። የመልሶቹ ክር ረዝሟል፣ መሐል ላይም ወደ ጭነት መኪና ወሬ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ዘግይታችሁ ለደረሳችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው እየሄድኩ ልንገራችሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም፣ በራሴ አፍ ነው የማወራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው የመጣው ከልጄ ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ከስቴቱ አገረ ገዥዎች የአንዱን ሕይወት በካርቶን ላይ ሠርታችሁ ኑ ተብለው ዳግላስ ዋይልደርን መርጣ መጣች። እኔ እዚህ ስቴት 16 ዓመት ኖሬ፣ ግብር ከፍዬ፣ ዜግነት ወስጄ፣ ድምፅ ሰጥቼ፣ ሰውዬውን አላውቀውም ነበር። አፈርኩ። ቁጭ ብለን አብረን ስናነብ ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ እኮ ባርነት እንዳይቀር የተዋጉት የኮንፌደሬሽኑ ሰዎች ዋና ከተማ ነበረች። ያቺው ከተማ በ1990 የባሪያ ልጅ ልጅን አገረ ገዥ አድርጋ አስምላለች።

እናም እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ ጠየቅኩ። ራሴም አንድ ነገር ጨመርኩበት። ዋይልደር ያሸነፈው ስለ ዘር ጉዳይ አፉን ዘግቶ ስለኖረ ይመስለኛል፣ አልኩ። ይቺን ባልጽፋት ኖሮ ክሩ አሥር መልስ ላይ ያልቅ ነበር።

ቁጥር 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖኝ፣ ልጄንም አበረታትቶ፣ መሠረቱን አስቀመጠልን። ዋይልደር የተወለደው ጃንዋሪ 17፣ 1931 ሪችመንድ ውስጥ፣ ቸርች ሂል በሚባለው ሰፈር ነው። አያቶቹ በአባቱ በኩል ባሪያዎች ነበሩ። ስሙ የወጣለት ከሁለት ጥቁር ታላላቅ ሰዎች ነው፤ አንዱ ገጣሚው ፖል ሎረንስ ደንባር፣ ሌላው ከባርነት አምልጦ ባርነትን የታገለው ፍሬድሪክ ዳግላስ። አባቱ ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም የጥቁር ብቻ ተብሎ የተለየ ነበር። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ሰውዬው በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ዋይልደር ነው ብሎ ዘጋው።

ቁጥር 2 ወዲያው አረመው። ሉዊዚያና ውስጥ ፒንችባክ የሚባል ሰው በ1872 መጨረሻ ላይ አምስት ሳምንት ገደማ በተጠባባቂነት አገረ ገዥ ሆኖ ነበር። ሕዝብ መርጦት ግን አይደለም፤ አገረ ገዥው ሲታገድ ነው ቦታውን የያዘው። በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ የመጀመሪያው ዋይልደር ነው። ይሄው ሰው ቀጥሎ ያመጣው ነገር ደግሞ አስደነገጠኝ። ከዋይልደር ወዲህ በሕዝብ የተመረጡ ጥቁር አገረ ገዥዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በ2006 የማሳቹሴትሱ ዴቫል ፓትሪክና በ2022 የሜሪላንዱ ዌስ ሙር። በኒውዮርክ ዴቪድ ፓተርሰን ነበረ፣ እሱ ግን ከምክትልነት የወጣ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን፣ በዚህ ሁሉ ስቴት፣ ሦስት ሰው። ቁጥር 3 ኦባማስ ብሎ ጠየቀ፣ ቁጥር 4 ኦባማ ሴናተርና ፕሬዚዳንት እንጂ አገረ ገዥ ሆኖ እንደማያውቅ በትሕትና አስረዳው።

ቁጥር 5 ላይ ቆም ልበል። የጻፉት አንድ አባት ናቸው፣ እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል መጥተው አርሊንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። የምርጫው ዕለት፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 7፣ 1989፣ የማታ ፈረቃ ነበሩ። የሥራ ቤታቸው ሁለት ሰው እንኳ ተደላድሎ የማይቀመጥባት የመስታወት ኪዮስክ፣ እግር ሥር ማሞቂያ፣ ከሳንቲም መሳቢያው ላይ አንቴናዋ በፎይል የተጠቀለለ ትንሽ ቴሌቪዥን። ቀን ፈረቃ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባ ነበራቸው። ሰዓቱ አልቋል፣ ካፖርቱን ለብሷል፣ ግን አይሄድም። በሩን ይዞ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ላይ ዋይልደር በሰፊው እየመራ ነው ተባለ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ካፖርቱን ቆለፈ። ከዚያ ልዩነቱ እየጠበበ መጣ። ሰውዬው ቁልፉን ፈታ። ቀስ ብሎ ካፖርቱን አወለቀ። ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠ። ጋሼ ያን ጊዜ እንግሊዝኛው ገና አልገባቸውም፤ ውጤቱን ይከታተሉ የነበረው ከሰውዬው ፊት ላይ ነው። ዜጋ ስላልነበሩ ድምፅ አልሰጡም። መኪና ሊያወጡ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ማን እየመራ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር ይላሉ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ሰውዬው ተነሣ፣ እጃቸውን ጨበጠ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ወጣ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልረሱት ያንን መጨበጥ ነው።

ቁጥር 6 ቁጥሮቹን አመጣ፣ ልጄም ወዲያው ደብተሯ ላይ ገለበጠቻቸው። ዋይልደር 896,936፣ ሪፐብሊካኑ ማርሻል ኮልማን 890,195። ልዩነቱ 6,741 ነው። ከሺህ ድምፅ አራት እንኳ አይሞላም። ኮልማን ድጋሚ ቆጠራ ጠይቆ እስከ ዲሴምበር ተቆጠረ፣ ውጤቱ ግን ጸና።

ቁጥር 7 እዚህ ላይ ትንሽ አስተምሮናል። በቅድመ ምርጫ የአስተያየት ጥናቶች ዋይልደር በሰፊው ይመራ ነበር። የምርጫው ቀን ሰው ድምፅ ሰጥቶ ሲወጣ በር ላይ ተጠይቆ እንኳ በ10 ነጥብ ያህል ይመራል ተብሎ ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት ግን የለም። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቁሩ የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ቶም ብራድሊም ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር እንዲሁ ሆኖ ተሸንፏል። ስለዚህ ይሄ ነገር አንዳንዴ የብራድሊ፣ አንዳንዴም የዋይልደር ኢፌክት ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሰው ለጠያቂው ለመናገር ያፈረውን በመጋረጃው ውስጥ ያደርገዋል። ቁጥር 8 ግን አልተዋጠለትም። ሁሉን በውሸት ላይ መጣል ልክ አይደለም፣ ጥናቱ ራሱ መራጩን በደንብ የማይወክሉ ሰዎችን ጠይቆ ይሆናል፣ በመጨረሻው ሳምንት ሐሳቡን የቀየረም አለ የሚል ነው። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። እኔ ግን ወደ 7 አደላለሁ። በር ላይ ተጠይቆ የተመለሰ መልስና ሳጥን ውስጥ የገባው ያን ያህል ሲራራቅ ሌላ ምን ይባላል።

ከዚያ ቁጥር 9 መጣችብኝ።

ሪችመንድ የምትኖር ሴት ናት፣ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው እዚያ። ሰላምታም የላት። ዋይልደር አፉን ዘግቶ ኖረ ማለቴ ካለማንበብ የመጣ መሆኑን ቀጥ አድርጋ ነገረችኝ። በ1969 መጨረሻ በማሟያ ምርጫ የስቴቱ ሴኔት ሲገባ፣ ከአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ማግሥት ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ነበር። ወንበሩን በያዘ በሳምንታት ውስጥ ተነሥቶ የተናገረው ስለ ቨርጂኒያ መዝሙር ነው። መዝሙሩ አንድ ጥቁር ሽማግሌ የጌታውን ዘመን ሲናፍቅ የሚያሳይ ነበር፣ ግጥሙም ጥቁሮችን በሚያዋርድ ስም ይጠራል። ዋይልደር ይሄ ይቅር አለ። ገና አዲስ ሰው፣ ብቻውን፣ በነዚያ ሽማግሌዎች መሐል። የጥላቻ ደብዳቤ ጎረፈለት። መዝሙሩ ከቦታው የወረደው በ1997 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት!

አላበቃችም። ለማርቲን ሉተር ኪንግ የበዓል ቀን እንዲሰጥ ዋይልደር ሕጉን ዓመት በዓመት ያቀርብ ነበር። ሲጥሉበት ይመልሰዋል። በመጨረሻ በ1984 ተሳካ፣ ግን እንዴት? ቨርጂኒያ ቀድሞም በጃንዋሪ ለሁለቱ የኮንፌደሬሽን ጀኔራሎች፣ ለሊና ለጃክሰን፣ የምታከብረው ቀን ነበራት። ኪንግን እዚያው ላይ ለጠፉት። የሊ፣ የጃክሰንና የኪንግ ቀን ተባለ። እስከ 2000 ድረስ እንዲህ ነው የተከበረው። እኔ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። የጀኔራሎቹ ቀን ጨርሶ የቀረው በ2020 ነው፣ በምትኩም የምርጫ ቀን የሥራ መዝጊያ ሆነ።

ቁጥር 10 የኔ ነው። ተሳስቻለሁ አልኩ። ቁጥር 9 በልብ ምልክት መለሰችልኝና ሰላም ሆንን። ግን ግማሹን ሐሳቤን አልተውኩም። በ1989 ቅስቀሳ ላይ ስለ ዘር ብዙ እንዳልተናገረ እውነት ነው። ለሃያ ዓመት የተናገረ ሰው ለምን በዚያ ዓመት ድምፁን ዝቅ አደረገ?

መልሱን የሰጠኝ ቁጥር 11 ነው፣ ለኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ መልስ ይሄ ነው። ነገሩ ከ1989 አይጀምርም፣ ከ1985 ነው። ያን ዓመት ዋይልደር ለምክትል አገረ ገዥነት ሲወዳደር የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ዴሞክራቶቹን ይዞ ይሰምጣል ብለው ፈርተው ነበር። ገንዘቡም ብዙ አልነበረም። ምን አደረገ? በአንዲት ስቴሽን ዋገን መኪና ተነሣና ሁለት ወር ያህል፣ ከ3,000 ማይል በላይ፣ ቨርጂኒያን ዞረ። የጀመረው ከሪችመንድ አይደለም። ከደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ነው፣ ከኬንታኪ ጋር ከምትዋሰነው ተራራ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አገር። ጥቁር ሰው እዚያ ጥቂት ነው። አንድ በአንድ በየትንሹ ከተማ ቆመ። የጠላህም ሰው ዓይንህን አይቶ እጅህን ከጨበጠ በኋላ ስለ አንተ የሚወራውን ሁሉ እንደ ድሮው አያምንም። በቴሌቪዥን ያስተላለፈው ማስታወቂያም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ የገጠር ዘዬ ያለው ነጭ ፖሊስ ድጋፉን ሲገልጽለት ነው የሚታየው። አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ለዋናው ሲመጣ እንግዳ አልነበረም።

ዝም ያለ ሰው አይደለም ማለት ነው፤ ሊመርጠው የማይችለው ሰው ደጃፍ ድረስ ሄዷል። ይሄ ገባኝ።

ቁጥር 12 ጭነት መኪና ነጂ ነው። ቁጥር 11 ያለውን መንገድ ያውቀዋል። በሀይዌይ 81 ወደ ቴነሲ ሲወርድ በየመውጫው የሚገባባቸውን ከተሞች ገለጸልን። አንድ የትራፊክ መብራት፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን። ዛሬም ገብቶ ቡና ሲጠይቅ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ግን ከሁሉም በላይ ወሬ የሚወዱት እነሱ ናቸው ይላል። በ1985 ጥቁር ፖለቲከኛ እዚያ ወርዶ እጁን ሲዘረጋ ምን ይመስል እንደነበር ሲያስበው ሆዱን ባር ባር አለው። እዚህ ጋ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ስለ ናፍጣ ዋጋ ጨመረበት። ቁጥር 13 የማታ መኪና ማቆሚያ እንደጠፋ አማረረ፣ ቁጥር 14 የት እንደሚገኝ ጠቆመው፣ ቁጥር 15 ደግሞ የራሱን መኪና ሊሸጥ አስተዋወቀ። አወያዩ ገብቶ ወደ ጉዳያችን መለሰን።

ቁጥር 16 አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጣ። ዋይልደር ኮሪያ ዘምቷል፣ ፖርክ ቾፕ ሂል በሚባለው ጦርነት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከጦሩ ተቆርጦ ሳለ 19 የቻይና ወታደሮችን አስፈራርተው እጅ አሰጥተዋል፣ ለዚህም ብሮንዝ ስታር የሚባለውን ሜዳሊያ ተሸልሟል። ቁጥር 16 ይህን ካለ በኋላ ሰውዬው የተዋጋው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ተሰልፎ መሆኑን ጨመረ። ክሩ ተቀጣጠለ። ቁጥር 17 ቶሎ አስተካከለው፣ ጥሩ አደረገ። ቃኘው የራሱ መኮንኖችና የራሱ ትእዛዝ ያለው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው። ሆኖም ተመድቦ የነበረው ከአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው፣ በ32ኛው ሬጅመንት። ዋይልደርም የ7ኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር። በ1953 ያንኑ ግንባር፣ እነዚያኑ ኮረብታዎች ያውቃሉ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ መጨመር አያስፈልግም፣ ይሄውም ይበቃል። ቁጥር 18 የቃኘው ወታደር የልጅ ልጅ ናት። አያቷ በሕይወት ሳሉ ስለ ኮሪያ የሚያወሩት ስለ ብርዱ ብቻ እንደነበረ ጻፈች። ጥይቱን አያነሡም። ጫማ ውስጥ የሚገባውን ጭድና የሚቀዘቅዘውን የውሃ ኮዳ ግን ይናገሩ ነበር። አጭር ነው የጻፈችው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቁጥር 19 ከጦርነት በኋላ ያለውን ቀጠለ። ከመዝመቱ በፊት ዋይልደር በ1951 ከቨርጂኒያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቋል፤ ትምህርቱን የከፈለው አስተናጋጅ ሆኖ እየሠራ ነው። ተመልሶ በስቴቱ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ የመርዝ ምርመራ ሠራ። ከዚያ ለወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ገንዘብ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረና በ1959 ጨረሰ። ቁጥር 19 ምክንያቱን ሲናገር በቨርጂኒያ አንድም የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር ስለማይቀበል ነው አለ። ቁጥር 20 ጠበቃ ይመስለኛል፣ በጥንቃቄ ነው ያረመው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1950 ግሪጎሪ ስዋንሰን የተባለ ጥቁር ጠበቃ ከስሶ ከረታ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቀብሎታል። በሩ በሕግ ተከፍቷል፣ ስዋንሰን ግን አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ወጣ። ስቴቱ ጥቁር ተማሪዎቹን እቤቱ ከማስተማር ይልቅ ገንዘብ እየሰጠ ወደ ሌላ ስቴት መላክን የለመደበት ዘመን ነበር። እንዲህ ሲነገር ይበልጥ ያማል።

ከ21 እስከ 23 ያለው ደስ አይልም፣ ግን ልዝለለው ብል ታሪኩ ይጎድላል። ቁጥር 21 በ1989 ዋይልደርን ያሻገረው የውርጃ ጉዳይ መሆኑን አነሣ። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስቴቶች ውርጃን ይበልጥ መገደብ እንዲችሉ ፈቀደ። ኮልማን በጥብቅ የሚቃወም ሰው ነበር። ዋይልደር ውሳኔው የሴቲቱ ነው፣ መንግሥት እጁን ያውጣ የሚል አቋም ይዞ ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ ዘመተበት። እኛ የምንኖርበት ሰፈር ማለት ነው፣ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ። ብዙ ነጭ ሴቶች ያን ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ። ከነጭ መራጮች ከአሥሩ አራት ገደማ መረጡት፤ ጥቁሮች ከስቴቱ ሕዝብ ከአምስት አንድ ስለማይሞሉ ያለ እነሱ አይሆንም ነበር። ቁጥር 22 ይሄ ሰው እንዴት ለልጅ ምሳሌ ይሆናል ብላ ተቆጣች። ቁጥር 23 መለሰላት፣ መልሱም ለእህት የሚመለስ አልነበረም። አወያዩ ሁለት አረፍተ ነገር አጠፋበት። እኔ የሁለቱንም እምነት አከብራለሁ። ነገር ግን እንዴት እንዳሸነፈ ስንጠይቅ ይሄን መደበቅ አንችልም።

ቁጥር 24 በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ስሙን ያልጠቀሰው የስቴት ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ምሬቱ ዛሬም አልወጣለትም። ዋይልደር ሥልጣን ሲይዝ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ስቴቱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት ታየበት። ታክስ አልጨምርም አለ። ወጪ ቆረጠ። የኮሌጅ ክፍያ ሽቅብ ወጣ፣ ቁጥር 24ም ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ፈተና ላይ እየተኛ ነው የጨረሰው። ቁጥር 25 የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ በዚህ በኩል አልተስማማችም። ያ ቆረጣ ባይኖር ስቴቱ ዕዳ ውስጥ ይገባ ነበር ትላለች። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያ ፈንድ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው በእሱ ጊዜ ነው፣ በ1992 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት። ደግሞም ከደቡብ ስቴቶች ቀድሞ በ1990 የቨርጂኒያ ገንዘብ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ እንዲወጣ አዟል። ቁጥር 26 ለሁለቱም አልወገነም። የሱ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰውዬው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ሰው ከሥራ እየተቀነሰ፣ በሴፕቴምበር 1991 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ወጣ። በጃንዋሪ 1992 ለምክር ቤቱ ዓመታዊ ንግግሩን ሲያደርግ፣ መጨረሻ ላይ መተዉን ተናገረ። እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። በስቴሽን ዋገን የዞራቸው ሰዎች ናቸው የተከፉት።

ቁጥር 27 ስለ ጦር መሣሪያ አጭር ነገር አለ። ከቨርጂኒያ በሀይዌይ 95 ወደ ኒውዮርክ የሚጓዘው ሽጉጥ ብዙ ስለነበረ፣ ዋይልደር በ1993 አንድ ሰው በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ እንዳይገዛ ሕግ አስወጣ። በ2012 ተሰረዘ፣ በ2020 ተመለሰ።

ቁጥር 28 ክሩን ዝም አሰኘው። ስለ ሞት ፍርድ ነው። ዋይልደር ወጣት ፖለቲከኛ ሳለ የሞት ፍርድን ይቃወም ነበር፣ በኋላ ደገፈ። ሥልጣን ላይ ሳለ እጁ ላይ ከወደቁት ሰዎች ቁጥር 28 ሁለቱን አነሣ። አንዱ ሮጀር ኪት ኮልማን፣ ከተፎካካሪው ጋር የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ንጹሕ ነኝ እያለ፣ ዓለም እየጮኸለት፣ በሜይ 1992 ተገደለ። ዋይልደር በዚያው ቀን የውሸት መመርመሪያ ፈተና ፈቅዶለት ነበር፣ ወደቀ። በ2006 ዲኤንኤው ሲመረመር ጥፋተኛው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ኧርል ዋሽንግተን ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው፣ ያልሠራውን ወንጀል ሠራሁ ብሎ አምኖ የተፈረደበት፣ በ1985 ሊገደል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የዳነ። ዲኤንኤው ጥርጣሬ አስነሣ። ዋይልደር በጃንዋሪ 1994፣ ሥልጣን ሊያስረክብ ሲል፣ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ ቀየረለት። ነጻ ግን አላወጣውም። ሙሉ ምሕረቱ የመጣው በ2000 በሌላ አገረ ገዥ ነው። ቁጥር 28 ሲጽፍ ፍርድ አልሰጠም። ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀመጠና ወጣ። እኔም ሌሊቱን ስለዚህ ነው ያሰብኩት። አንድ ወረቀት፣ አንድ ብዕር፣ ከስልኩ ማዶ የሚጠብቅ ወኅኒ ቤት።

ቁጥር 29 ለምን ሁለተኛ ጊዜ አልተወዳደረም አለ። ቁጥር 30 የቨርጂኒያ ሕግ አገረ ገዥ በተከታታይ ሁለት ዘመን እንዳይገዛ መከልከሉን ነገረው፤ እንዲህ ያለ ሕግ ያላት ብቸኛ ስቴት ናት። ቆይቶ መመለስ ግን ይቻላል። ሚልስ ጎድዊን አንዴ በዴሞክራት፣ አንዴ በሪፐብሊካን ሆኖ ሁለቴ ገዝቷል።

ቁጥር 31 ያቺው የሪችመንዷ ናት። ሰውዬውን ስትከላከል የቆየችው እሷ ስለሆነች፣ ወቀሳው ከእሷ ሲመጣ ሰው አዳመጠ። ዋይልደር በ2004 በ79 ከመቶ ድምፅ የሪችመንድ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ በሕዝብ ቀጥታ ከተመረጠ ከንቲባ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ያን ሁሉ ፍቅር በጭቅጭቅ ጨረሰው ትላለች። በ2007 አንድ ዓርብ ማታ የትምህርት ቦርዱን ቢሮ ከከተማው ማዘጋጃ ሕንፃ በጭነት መኪና ማስወጣት ጀመረ። ዳኛ ነው በሌሊት ያስቆመው። ወንበርና ሣጥን መንገድ ላይ። ፍሬድሪክስበርግ ሊሠራው የተነሣው የባርነት ሙዚየምም ሳይሠራ ቀረ፣ በ2011 ኪሳራ ውስጥ ገባ። ይሄኛው ነው እኔን ያሳዘነኝ። በሀይዌይ 95 ስናልፍ ለልጄ የማሳያት ነገር በኖረ ነበር።

ቁጥር 32 ታዲያ ይሄ ሁሉ ስሕተት ካለበት ለምን ታወድሱታላችሁ ብሎ ቆጣ አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ልመልስለት። ማወደስ አይደለም፣ ማወቅ ነው። ሪችመንድ ውስጥ በጃንዋሪ 1990 ብርድ ላይ ቆሞ የማለው ሰው፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጡረተኛ ዳኛ ሉዊስ ፓወል እያስማሉት፣ ከዚያ በፊት ያለውንም ከዚያ በኋላ ያለውንም ይዞ ነው የማለው።

ቁጥር 33 ጋሼ ናቸው። የልጄ ካርቶን እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁ። ፎቶውን ለጠፍኩላቸው። መሐል ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር 6,741 ብላ ጽፋለች፣ ከሥሩ ስቴሽን ዋገን ሥላለች፣ ከጎማዎቹ ኋላ የቨርጂኒያ ካርታ። ጋሼ መኪናዋ ከካፖርቱ ጋር ትሄዳለች አሉ፤ አልገባትም ነበር፣ ስለ ፓርኪንጉ ነገርኳት። ከዚያ መጥታ አንድ ባልዲ ጨመረችበት፣ የተገለበጠ።

ቁጥር 34 ትናንት ሌሊት የመጣ ነው። ዜግነት የወሰደው በዚህ ዓመት መሆኑን ጽፎ ምርጫ ጣቢያ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይጠይቃል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። 1 ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ ከቆምክ አይመልሱህም።